የቦንጋ ቡና ገለባ ለማኬት ገበያ ይበቃል?

ጀንፈል ቡና ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል። በከፋ ዞን አብዛኛው ገለባ ይቃጠላል፣ ተጥሎ ይበሰብሳል፤ ሲቀናው ማዳበሪያ ይሆናል። ገዢ ሊኖረው ይችላል የሚል ደላላ ግን እስካሁን እምብዛም አይሰማም።

ገዢውን ለማየት ወደ አዲስ አበባ እንውጣ። ሪል ስቴት ኩባንያዎች መሠረት ሳይጥሉ ለደንበኛ ማኬት ያሳያሉ። ደንበኛው ሕንፃውን ሊያይ ይመጣል፤ ልቡን የሚያሸንፈው ግን ዙሪያውን ያለው ሣርና ዛፍ ነው። (ሣሩ በኋላ በእርግጥ ይተከል አይተከል ሌላ ጉዳይ ነው።) ያ ሣር በአረንጓዴ ቀለም የተነከረ ደቃቅ ብናኝ ነው።

የዚህ ብናኝ ትልቁ ገበያ በውጭ አገር በአሻንጉሊት ባቡር ፍቅር የተያዙ ሰዎች ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው ኖኅና በ1946 የተመሠረተው ፋለር፣ ሁለቱም የጀርመን ኩባንያዎች፣ ለእነዚህ ሰዎች ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው የሐምቡርጉ ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የሚገኘው ደግሞ ዱሮ ቡናና ሻይ ይከማችበት በነበረው የመጋዘን ሰፈር ነው። ፋብሪካው ውድ የሆነባቸው አማተሮች ሰጋቱራ ነክረው ለሣር፣ የቡና አተላ አድርቀው ለአፈር ሲጠቀሙ ኖረዋል። የእኛ ነጋዴ የሚያቃጥለውን ዕቃ የሚመስል ነገር በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ መሬት ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

አሠራሩ ምሥጢር የለውም። ገለባው ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሁለት ወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁ ለሣርና ለመንገድ ዳር አፈር፣ ሸካራው ለቁጥቋጦ ይሆናል። ከዚያ በውሃ በተበጠበጠ ቀለም ተነክሮ በላስቲክ ላይ ይሰጣል። ገለባው በተፈጥሮው ቡናማ ስለሆነ ለአፈር ቀለም እንኳ ላያስፈልገው ይችላል፤ ለደማቅ አረንጓዴ ግን ነጣ ያለው ሰጋቱራ ይሻላል። ሲለጠፍ ነጭ ኮላ በእኩል ውሃ ቀጥኖ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመርበታል፤ ሳሙናው ኮላው በብናኙ መሐል እንዲሰርግ ያደርገዋል። ኮረብታው ከካርቶንና ከጄሶ ይሠራል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ሰጋቱራን ከቦንጋ ጭኖ አዲስ አበባ ማውረድ ከንቱ ድካም ነው፤ በከተማው በየእንጨት ቤቱ በር ላይ ተከምሯል። ገለባም እንዳለ ቢጫን መኪናውን በመጠን ይሞላል እንጂ በክብደት አይሞላም፤ የሚከፈለው ለአየር ነው። ስለዚህ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ተነክሮ በትንሽ ከረጢት የታሸገ ካልሆነ ጉዞውን አይችልም። የአገር ውስጡ የማኬት ሠሪ ቁጥርም ውስን ስለሆነ በኩንታል የሚያስብ ነጋዴ ቶሎ ያዝናል። የውጩ ገዢ ከተፈለገ የሚሸጠው «ከቡና መገኛ ከከፋ» የሚለው ስም ጭምር ነው። ያኔ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠየቅ እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል።

ትልቁ አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ባቡር አፍቃሪዎች ለዛፍ ቅጠል ከሚወዷቸው ነገሮች አንዱ መሬት ላይ የሚበቅል ሽበት መሳይ ነገር ነው፤ የከፋ ደን ግንዶች ደግሞ ይህን በሚመስል ነገር የተሸፈኑ ናቸው። አንድ ብልጥ ደላላ ገለባውን ትቶ ወደዚያ እንዳይዞር ያሰጋል። የከፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የጫካ ቡናውም፣ ማሩም፣ ኮረሪማውም የሚኖሩት በዚሁ ደን ጥላ ነው። ግንድ የሚያራቁት ንግድ ነገ የቡናውን ነጋዴ ይነካዋል። የማኬት ዛፍ ከተፈለገ የደረቀ የአረም ጭራሮ ላይ ኮላ ቀብቶ የተነከረ ብናኝ መነስነስ ይበቃል።

መሞከር የሚፈልግ ሰው በአንድ ጆንያ ይጀምር፤ ያውም በበጋ። የከፋ ዝናብ ረጅም ነው፣ በደንብ ያልደረቀ ብናኝም በከረጢቱ ውስጥ ይሻግታል። የሻገተ ሣር ያለበትን ማኬት ደግሞ የሪል ስቴቱ ሻጭ ለደንበኛ አያሳይም።