የናፖሊ አራቱ ቀኖች፤ ስለ ሰፈርና ስለ ሕዝብ መነሣት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በጀርመን ጦር ላይ ስለ ተነሡት ከተሞች ሲነገር፣ በ1944 የተነሡት ዋርሶና ፓሪስ፣ በ1945 የተነሣችውም ፕራግ ይጠቀሳሉ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ከሦስቱም ቀድማ ከሴፕቴምበር 27 እስከ 30 ቀን 1943 የተዋጋችውን ናፖሊን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የሚያነሧትም ብዙዎቹ ነገሩን «ድንገተኛ» ብለው ያልፉታል፤ ሕዝቡን የሚመራ ፓርቲ ስላልነበረ ድርጅትም አልነበረውም ማለታቸው ነው። ይህ አባባል የችኰላ ፍርድ ይመስለናል።

የኢጣልያ የጦር ማቆም ውል በሴፕቴምበር 8 ቀን ተገለጠ፤ በማግሥቱም የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ከናፖሊ በስተደቡብ በሳሌርኖ ወረደ። ጀርመኖች ከተማይቱን ያዙ። በ12 ቀን አዛዡ ኮሎኔል ሾል የከበባ ሕግ ዐወጀ፤ አንድ ጀርመናዊ ቢገደል መቶ እጥፍ እንደሚበቀልም አስጠነቀቀ። በዚያው ቀን ዩኒቨርሲቲው ተቃጠለ፤ አንድ መርከበኛም በግድ በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ተረሸነ። እዚህም እዚያም ግጭት ቢደረግም፣ ከተማው በመላው የተነሣው ከዚህ ሽብር ሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በመካከሉ ሁለት ትእዛዞች ወጥተው ነበር። አንደኛው ከ1910 እስከ 1925 የተወለዱ ወንዶች ሁሉ ለግዳጅ ሥራ እንዲቀርቡ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከባሕሩ ዳር እስከ 300 ሜትር ያለው ስፍራ እንዲለቀቅ የሚያዝዝ ነው። በሁለተኛው ትእዛዝ 240,000 ያህል ሰው ከቤቱ መነቀል ነበረበት። ለግዳጁ 30,000 ሰው ሲጠበቅ የቀረበው 150 ያህል ብቻ ሆነ። አንዱ ትእዛዝ ልጅን፣ ሌላው ቤትን የሚወስድ ስለ ሆነ ነገሩ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ።

እዚህ ላይ የከተማውን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። የናፖሊ ድኻ የሚኖርበት «ባሶ» የሚባለው ቤት ከመንገዱ ትይዩ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ በሩም መስኮቱም አንድ ነው። ስለዚህ ምግቡ፣ አጠባው፣ ንግዱና ጠቡ የሚውለው በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ነው። በዚያ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን ልጅ በስሙ ያውቀዋል፤ የማያውቀው እግር ሲመጣም ይለየዋል። ከአየር ድብደባ መጠለያ የነበሩት የምድር ውስጥ ዋሻዎችም ወጣቶችን ለመሸሸግ አገለገሉ። በ26 ቀን ለግዳጅ የተያዙትን ወንዶች ከጀርመኖች እጅ ያስለቀቀው ሕዝብ ከመሪ ትእዛዝ አልጠበቀም፤ ወሬው ከደጅ ወደ ደጅ በቂ ነበር። በ27 ቀን 8,000 ያህል ወንዶች በታፈሱ ጊዜ ውጊያው በቮሜሮ ተጀመረ። መሣሪያው ከተተዉት የጦር ሰፈሮች የተወሰደ ነበር፤ ትራሙና የቤት ዕቃው ደግሞ መንገድ መዝጊያ ሆነ።

መሪ የተባለውም በየሰፈሩ የወጣ ነው። በቮሜሮ መምህሩ አንቶኒዮ ታርሲያ ኢን ኩርያ ኃላፊነቱን ያዘ። በዚያው ሰፈር ስታዲዮም የታሰሩት ሰዎች የተፈቱት ኤንዞ ስቲሞሎ ከኮሎኔል ሾል ጋር ተነጋግሮ ጀርመኖች በሰላም እንዲወጡ ከተስማሙ በኋላ ነው። በሳኒታ ሰፈር የተጠመደበት ድልድይ ከመፍረስ ሲድን ከተዋጉት አንዷ ማዳሌና ቼራሱኦሎ ነበረች፤ ድልድዩም በ2011 በስሟ ተሰየመ። በ29 ቀን የሞተው የ11 ዓመቱ ጄናሮ ካፑኦዞ ዝናው ከሁሉ ይበልጣል፤ ናኒ ሎይ በ1962 ያወጣው ፊልምም የልጆቹን ሥዕል በሰው ልብ አጸና። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሴቶቹንና ጐልማሶቹን ይጋርዳል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህችን ልጨምር፤ በ1935 አገራችንን ለመውረር ከመጣው ጦር ብዙው የተሳፈረው ከዚሁ ወደብ ነበር።

በ30 ቀን ጀርመኖች ከተማውን ለቀው ወጡ፤ እየወጡም ከካፖዲሞንቴ በመድፍ ደበደቡት። በኦክቶበር 1 ቀን የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ገባ። የሞቱት ስንት እንደሆኑ ቈጠራዎቹ አይስማሙም፤ አንዱ 168 ተዋጊና 159 መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሲል፣ ሌሎቹ ከ500 ያሳልፉታል። ጀርመኖች በወጡበት ቀን በኖላ አጠገብ በሳን ፓውሎ ቤልሲቶ የተቀመጠውን የናፖሊ መዛግብት ብልጫ አቃጥለው ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የተጻፉት የአንጁ ነገሥታት መዝገቦች በዚያ ጠፉ፤ ሪካርዶ ፊላንጄሪም ከቀሩት ግልባጮች እየለቀመ ዳግም የማዘጋጀቱን ሥራ ጀመረ።