ሚዛን ላይ የሠራው ፕሮግራም አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን እምቢ ይላል?

በሚዛን ተፈሪ፣ በሸዋ ቤንችና በቴፒ እሸት ቡና የሚሰበስብ ነጋዴ ሒሳቡን በደብተር ከያዘ፣ ደብተሩ የትም ቢወሰድ ይነበባል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመድ ወይም ሠራተኛ የግዥ መመዝገቢያ ፕሮግራም የሠራለት ነጋዴ ግን ሌላ ጣጣ ሊገጥመው ይችላል። ፕሮግራሙ ሚዛን ላይ እንደ ልብ ሲሠራ ከርሞ፣ በፍላሽ ተገልብጦ አዲስ አበባ ቢሮ ሲደርስ አልከፈት ይላል። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተሩን፣ ጸሐፊዋ ፍላሹን፣ ሁሉም በአንድነት ሠሪውን ልጅ ያማርራሉ።

ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚቆመው በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ በተጫኑ ሌሎች ነገሮች ተደግፎ ነው። ፍላሹ ላይ የተገለበጠው ፕሮግራሙ ብቻ ሲሆን ድጋፎቹ እዚያው ሚዛን ቀርተዋል።

በመጀመሪያ የሚወጣውን መልእክት ፎቶ አንስቶ ለሠሪው መላክ ይገባል። «አይሠራም» ብሎ ብቻ መደወል ለቡና ቀማሽ «ቡናው መጥፎ ነው» እንደማለት ነው፤ ምኑ? መልእክቱ የጎደለ ዲኤልኤል ፋይል ከጠራ፣ አጋዥ ፋይሎቹ አልተጫኑም ማለት ነው። እነሱንም ከሠሪው መቀበል እንጂ ካልታወቀ ቦታ ማውረድ ቫይረስ መጋበዝ ነው። ፋይል አጣሁ ካለ፣ ፕሮግራሙ መዝገቡን የሚፈልገው አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በሌለ ፎልደር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለ64 ቢት የተሠራም በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይከፈትም። በኢንተርኔት የመጣ የኤክሴል ወይም የአክሰስ ፋይል ከሆነ ደግሞ፣ ማይክሮሶፍት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውስጡ ያሉትን ማክሮዎች ስለሚያግድ፣ ላኪው በእርግጥ ከታወቀ በኋላ እገዳውን ማንሳት ያስፈልጋል።

ተከፍቶ የገበሬው ስም የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆኖ ሲታይስ? ይህ የቆየ ችግር ነው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ አቀማመጥ ነበር የሚደረድረው። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ስም ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም። ፎንቱን መጫን ለጊዜው ይረዳል፤ የሚበጀው ግን መዝገቡን ወደ ዩኒኮድ ማዞር ነው።

አልከፈት ያለ ፕሮግራም እንኳ ደግ ነው፤ ቢያንስ ችግሩን ይናገራል። የሚያከስረው ተከፍቶ የሚሳሳተው ነው። 10/12 ተብሎ የተመዘገበ ግዥ በእንግሊዝ አጻጻፍ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ ዲሴምበር 10፣ ማለትም ታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ በተስተካከለው ላይ ግን ኦክቶበር 12፣ ጥቅምት መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የእሸት ወራት ስለሆኑ ማንም ላይጠራጠር ይችላል። ፕሮግራሙ የዕለቱን ዋጋ በቀን የሚፈልግ ከሆነና በሁለቱ ቀናት መካከል በኪሎ 5 ብር ልዩነት ካለ፣ በ1,000 ኪሎ ላይ 5,000 ብር ከገበሬው ወይም ከነጋዴው ኪስ ወጣ ማለት ነው። በኢትዮጵያ ቀን የሚመዘግበው ደግሞ ጥቅምት 30ን 30/02 ብሎ ሲጽፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ኮምፒውተሩ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ ያ መስመር ከድምሩ ሊዘለል ይችላል።

ስለዚህ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠቱ በፊት መጫኛውን፣ ከፕሮግራሙ የተለየ የመዝገብ ፋይልና ዋናውን ኮድ ይረከብ። ሠሪው ልጅ ነገ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ ኮዱ አብሮት ከሄደ የሚያስተካክለው አይኖርም። ሙከራውም እሸት ሳይገባ፣ ፕሮግራሙ ተጭኖበት በማያውቅ ኮምፒውተር ላይ ይደረግ። 34 ኪሎ ይመዝገብና 2 ፈረሱላ መውጣቱ ይታይ፤ የጥቅምት 30 ደረሰኞችም ገብተው ድምራቸው በእጅ ከተሠራው ጋር ይመሳከር።