ወገብ ሲዘጋ

የእህቴ ልጅ ለጥምቀት የተመኘችው ስትዞር የሚዘረጋ ጉርድ ቀሚስ ነበር። የነበረኝ ቅድ ግን አንድ ነው፤ ከዳሌ በታች ቀጥ ብሎ የሚወርደው። በዚያው ልሞክር ብዬ አራቱንም የጎን ጠርዞች ከታች 12 12 ሳንቲሜትር አሰፋሁ። ለበሰችው። ፊቱና ኋላው እንደ ቀድሞው ድርቅ አለ፤ ትርፉ ጨርቅ ሁሉ ከጎንና ከጎኗ እንደ ጆሮ ተንጠለጠለ። ዝም አለች። ዝምታዋ ከቀሚሱ ይልቅ ከበደኝ።

አጅባር ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ሲንጀር የሚረግጡ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አሉ። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" ብዬ ቅዱን ዘረጋሁላቸው። ወገቡን የሚያጠበው ሦስት ማዕዘን እጥፋት ጫፍ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ "እንግዲያ ይኼን ብትዘጊውስ?" አሉኝና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ማታ ቅዱን ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። እጥፋቱ ወገብ ላይ 2.5 ሳንቲሜትር ሰፍቶ፣ 10 ሳንቲሜትር ወርዶ ይሾላል። ከታች ጠርዝ ተነስቼ እስከ ሹሉ ድረስ ቀደድኩት፤ ክር የምታህል ብቻ አስቀርቼ። ከዚያ የእጥፋቱን ሁለት አፍ ገጠምኩ። ወረቀቱ ከታች በራሱ ተከፈተ! ስለካው 12.5 ሳንቲሜትር።

ቁጥሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከሹሉ እስከ ወገብ 10፣ ከሹሉ እስከ ታች 50 ሳንቲሜትር ነው፤ አምስት እጥፍ። ላይ የተዘጋው 2.5 ታች አምስት ጊዜ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። በየሩቡ አንድ እጥፋት ስላለ፣ በአራቱ ሩብ ሲደመር 50 ይሆናል። በጎን ጨምሬው የነበረውም እኮ 48 ነበር! ጨርቁ አላነሰም ነበር፤ ያለ ቦታው ነበር የገባው።

ደስታዬ ሳይበርድ ሌላ ጣጣ መጣ። የተከፈተው ቅድ የታች ጠርዙ እንደ ቀስት ጎብጧል። ልሰፋበት ያሰብኩት የሸማ ጥለት ደግሞ ከጨርቁ ጋር ቀጥ ብሎ የተሸመነ ነው፤ ቀስቱን ተከትዬ ልቁረጥ ብል ጥለቱን እበላዋለሁ። ሽንሽን ቀጥ ያለውን ጠርዝ እንዳለ ይዞ ያሰፋል፤ ቅዱ ግን አይችልም።

ያኔ በፎቶ ያየሁት ቀሚስ ትዝ አለኝ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደው፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የሚባለው፣ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው። መቅደላ እዚሁ እኛ ወረዳ ተንታ ውስጥ ሆኖ ቀሚሱን በፎቶ ብቻ ማየቴ ያንገበግበኛል። ጥጥ ላይ በሐር የተጠለፈ ነው። ጥልፍ! ጥልፍ በመርፌ የሚሄድ ስለሆነ ጠርዙ በዞረበት ይዞራል።

ጥለት የሌለው ነጭ ጥጥ ቆርጬ ሰፋሁና አንድ ሌሊት ሰቅዬ አሳደርኩት፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በክብደቱ ይሳባል። ጠዋት ልጅቱን አቁሜ፣ ዙሪያውን ከመሬት 35 ሳንቲሜትር እየለካሁ በሳሙና አሰመርኩ። የጥልፉን የመጀመሪያ መርፌ ከመስመሩ በላይ ወጋሁ።