«ገና» የሚለው ተውሳከ ግሥ

ጊዜን ከሚገልጹት ተውሳከ ግሦች አንዱ «ገና» ነው። የልደት በዓልና በዕለቱ የሚጫወቱት ጨዋታም በዚሁ ቃል ይጠራሉ፤ ያ ግን ስም ነው።

«ዕዳውን አልከፈለም» እና «ዕዳውን ገና አልከፈለም» የሚሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ። ፊተኛው አለመክፈሉን ብቻ ይናገራል፤ ስለ ወደፊቱ ዝም ይላል። ኋለኛው ግን ሰውየው ይከፍላል ተብሎ እንደሚጠበቅ ያመለክታል። ስለዚህ በዳኛ ፊት የቆመ ምስክር ይህችን አንዲት ቃል ቢጨምር ወይም ቢያስቀር የባለዕዳውን ስም ሊያነሣ ወይም ሊጥል ይችላል።

ከአዎንታዊ ግሥ ጋር ሲገባ ድርጊቱ አለማብቃቱን ያሳያል። «እንግዳው ገና እየበላ ነው» ስንል ማዕዱ አይነሣ ማለታችን ነው። «እንግዳው አሁንም እየበላ ነው» ብንል ግን የመሰልቸት ቃና ሊኖረው ይችላል። የእንግሊዝኛውን «ስቲል» የሚተረጕሙ ሰዎች ሁለቱን ሳይለዩ ስለሚጽፉ፣ ትርጕማቸው አንዳንድ ጊዜ ያላሰቡትን ስድብ ይዞ ይወጣል።

ከቍጥር በፊት ሲመጣ ማነስን ያሳያል፦ «የመጡት ገና ሦስት ተማሪዎች ናቸው»። ተደግሞ «ገና ለገና» ሲባል ደግሞ ባልደረሰ ነገር መሥጋትን ወይም መመካትን ይነቅፋል፦ «ገና ለገና ይዘንባል ብሎ ከገበያ ቀረ»።