የግል የዐፈር ግድብና የባለቤቱ ኀላፊነት

ቡና ለማጠብ፥ አትክልትና አበባ ለማጠጣት ወይም ለፋብሪካ የሚሆን ውሃ ለማጠራቀም ሲባል በግል ሀብት የሚሠሩ የዐፈር ግድቦች በብዙ አገር ይገኛሉ። ወጪያቸው ዝቅተኛ ነው፤ ዐፈሩም ከዚያው ከሥፍራው ተቈፍሮ ይወጣል። በዚህ ምክንያት አያሌ ባለንብረቶች ግድብን እንደ መጋዘን አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሀብት አድርገው ይቈጥሩታል። ይሁን እንጂ መጋዘን ቢፈርስ በብዛት የሚጐዳው በውስጡ ያለው ዕቃ ሲሆን፥ ግድብ ቢፈርስ የሚጐዳው ከበታች የተቀመጠው ጎረቤት ነው።

ዐፈር በክብደቱ ውሃን ሊገታ ይችላል፤ ውሃ በላዩ ሲፈስበት ግን አይችልም። ጐርፍ ከግድቡ አናት አልፎ በውጭው ተዳፋት መውረድ ከጀመረ ዐፈሩን እየሸረሸረ ይወስደዋል፤ አንድ ጊዜ የተከፈተውም ስንጥቅ በራሱ እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ግድቡን የሚጠብቁት በተለይ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ትርፉ ውሃ አናቱ ላይ ከመድረሱ በፊት በጎን በኩል የሚወጣበት የማስተንፈሻ ቦይ ነው፤ ሁለተኛውም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ የውሃውን ከፍታ ዝቅ የሚያደርግበት፥ ከሥር የተቀበረው ማስወጫ ቧንቧ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ስለማያስገኙ፥ ቁጠባ ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚነኩት እነርሱ ናቸው።

በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ግድቡ ቁመቱ 22 ሜትር፥ ርዝመቱም 284 ሜትር ያህል ስለነበረ ከእርሻ ግድብ እጅግ ይበልጣል፤ የተፈጸሙበት ስሕተቶች ግን በማንኛውም ትንሽ ግድብ ላይ የሚታዩ ናቸው። መጀመሪያ ያሠራው የግዛቱ መንግሥት ሲሆን፥ ዓላማውም ለጀልባ መሄጃ ቦይ ውሃ ማቅረብ ነበር። የምድር ባቡር ቦዩን ከጥቅም ውጭ ባደረገው ጊዜ ግድቡ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከገዢዎቹም አንዱ ከሥር የነበሩትን የብረት ቧንቧዎች አስወጥቶ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሸጣቸው። በ1879 ንብረቱ የፒትስበርግ ባለጸጎች ላቋቋሙት የዓሣ ማጥመድና የአደን ክበብ ተላለፈ፤ ከአባሎቹም መካከል አንድሩ ካርኔጊና ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ ይገኙበት ነበር። ክበቡ ቀድሞ የተናደውን ክፍል በጭቃ፥ በጭራሮ፥ በድርቆሽና በፍግ ሞልቶ ጠገነው፤ ሠረገላዎች እንዲተላለፉበት አናቱን ዝቅ አድርጎ አሰፋው፤ በሐይቁ የጨመራቸው ዓሦች እንዳያመልጡም በማስተንፈሻው ቦይ ላይ የብረት ወንፊት ተከለ። ቧንቧዎቹን ግን አልመለሰም።

ከግድቡ በታች 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጆንስታውን ከተማ የታላቁ የብረት ፋብሪካ ኀላፊ የነበሩት ዳንኤል ሞሬል ነገሩ አሳስቧቸው በ1880 መሐንዲስ ልከው አስመረመሩ። መሐንዲሱም የማስወጫ ቧንቧ አለመኖሩንና የጥገናውን ደካማነት ገልጦ ጻፈ። ሞሬል ለማደሻው ከሚወጣው ገንዘብ እንካፈላለን ብለው ነበር፤ ክበቡ ግን አንዳች የሚያሰጋ ነገር የለም ሲል መለሰላቸው። ከወጪው ሌላ ሰው ልካፈል ሲል እምቢ ማለት፥ በንግድ ሰዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም።

በ1889 ሜይ 31 ቀን ከብርቱ ዝናም በኋላ ሐይቁ ሞላ። ጐርፉ ያመጣው ግንድና ቅጠል በወንፊቱ ላይ ተከምሮ መውጫውን አጠበበው። ሠራተኞች የግድቡን አናት በዐፈር ለማሳደግና ሁለተኛ ቦይ ለመቈፈር ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተናደ። ውሃው በአንድ ሰዓት ገደማ ጆንስታውን ደረሰ። የሞቱት ሰዎች 2,209 ሲሆኑ፥ የጠፋውም ንብረት 17 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ክበቡን ከሶ በፍርድ ቤት ካሣ ያገኘ ተጐጂ አልነበረም።

ግድብ በላዩ ውሃ ሳያልፍበትም ሊፈርስ ይችላል። ውሃ በቧንቧው ዳርና ዳር፥ አይጥ በማሰው ጉድጓድ ወይም የሞተ ዛፍ ሥር በስብሶ በተወው ቀዳዳ ሰርጎ ዐፈሩን ከውስጥ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ በግድብ ላይ ዛፍ መትከል ጌጥ ቢመስልም ጉዳት ነው። ከግድቡ ግርጌ ጥቂት ጥሩ ውሃ ቢንጠባጠብ መጠኑን እየለኩ መጠበቅ ይገባል፤ የሚወጣው ውሃ ከደፈረሰ ግን ዐፈሩ በመወሰድ ላይ መሆኑን ስለሚያመለክት፥ ውሃውን ማጕደልና ከበታች ያሉትን ሰዎች ማስጠንቀቅ የዚያው ሰዓት ሥራ ነው።

አደጋው የቀድሞ ዘመን ብቻ አይደለም። በ2018 ሜይ 9 ቀን ማታ በጎረቤታችን በኬንያ፥ ናኩሩ አጠገብ በምትገኘው በሶላይ፥ የአንድ የግል እርሻ የዐፈር ግድብ ከከባድ ዝናም በኋላ ፈርሶ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

ስለ ኀላፊነት በሕግ በኩል ብዙ የሚጠቀሰው ፍርድ የተነሣው ከአንድ የእንግሊዝ ነጋዴ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ባለፋብሪካው ጆን ራይላንድስ በላንካሸር በሥራ ተቋራጮች ያሠሩት ማጠራቀሚያ በ1860 ከሥሩ በነበረ አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ በኩል አፈትልኮ የጎረቤታቸውን የቶማስ ፍሌቸርን የከሰል ማዕድን አጥለቀለቀ። ራይላንድስ ራሳቸው ቸልተኛ አልነበሩም፤ ቢሆንም የእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት በ1868 ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደ። ከጆንስታውን ጥፋት በኋላ ይኸው ደንብ በልዩ ልዩ የአሜሪካ ግዛቶች ተቀባይነት እያገኘ ሄደ።

በአገራችንም በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2069ኛው አንቀጽ፥ የመሬትን አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው ከተለመደው በላይ ለሆነ አደጋ ያጋለጠ ሰው አደጋው በደረሰ ጊዜ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሥራውን ለመሥራት ከመንግሥት ፈቃድ መሰጠቱም ከኀላፊነት አያድንም።

የሳውዝ ፎርክ ክበብ ግድቡን ሲረከብ ቧንቧዎቹ ቀድመው ተሸጠው ነበር። ስለዚህ ግድብ ያለበትን የእርሻ መሬት የሚገዛ ሰው የሽያጩን ውል ከመፈረሙ በፊት ማስወጫውን በፊቱ አስከፍቶ ውሃው ሲወርድ ማየት፥ የማስተንፈሻውን ቦይ ስፋትና ጽዳት በመሐንዲስ ማስመርመር፥ ከግድቡ በታች ስንት ቤትና መንገድ እንዳለም ራሱ በእግሩ ሄዶ መቍጠር ይኖርበታል።