ከ«ኮዝቢ ሾው» የምንወስደውና የምንተወው

ቴሌቪዥን የአንድን ኅብረተሰብ አመለካከት ከሚያንፀባርቁና መልሰውም ከሚቀርጹ መሣሪያዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለሆነም ለሳቅ የተሠራ ዝግጅት እንኳ መልእክቱ ከየትኛው የኑሮ ደረጃ እንደሚነሣ መመርመር ይገባል። ወደ ኋላ መለስ ብለን የምንመለከተው መስከረም 10 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የ«ኮዝቢ ሾው» የመክፈቻ ክፍል ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አባት ሐኪም፣ እናት ጠበቃ በሆኑበት የኒው ዮርክ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰብ ውስጥ ወንዱ ልጅ ቴዎ ዝቅተኛ የትምህርት ውጤት ይዞ ይመጣል። ኮሌጅ መግባት እንደማይሻ፣ እንደ ተራው ሰው ሠርቶ መኖር እንደሚበቃው ይናገራል። አባት በመጫወቻ የወረቀት ገንዘብ ደመወዝ ይቆጥርለትና ይህ ለግብር፣ ይህ ለቤት ኪራይ፣ ይህ ለሴት ጓደኛ እያለ መልሶ ይወስድበታል። የልጁ እጅ ባዶ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ለሐኪሙ ልጅ ማስፈራሪያ ሆኖ የቀረበው ሒሳብ ለላብ አደሩ የዘወትር ኑሮው ነው። በዚያው መስከረም በወሎ፣ በትግራይና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች ወገኖቻችን በድርቅና በረሃብ ይረግፉ ነበር። ከሊማሊሞ ግርጌ በምትገኘው ዛሪማም ልጁን ከተማ ልኮ የሚያስተምር ገበሬ ኪራይና ስንቅ ምን እንደሚያስከፍሉ ለማወቅ የመጫወቻ ገንዘብ አያስፈልገውም። የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ድንጋይ የፈለጠው ያው ተራ የሚባለው ሰው ነው። የእርሱ ኑሮ እንደ ቅጣት መታየት የለበትም። ይህን የዝግጅቱን አመለካከት አንቀበልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ግን ሁላችንንም ይመለከታል። ልጁ፣ አባቱ ሐኪም ባይሆንም እንደሚወደው ገልጾ፣ አባቱም እርሱን እንዳለ ተቀብሎ እንዲወደው ይማጸናል። በእኛ አገር «ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ» የሚባለው ነው። ተመልካቹ አጨበጨበ። አባት ግን ንግግሩን ከንቱ አድርጎ ጣለው፤ ልጁ መሞከርን እንደፈራ፣ ከእርሱ የሚፈለገውም ጥረት መሆኑን ነገረው። ፍቅር የስንፍና መሸፈኛ ሊሆን አይችልምና በዚህ ከአባት ጎን እንቆማለን።

ሆኖም ሂስ ያለ ግለ ሂስ ሙሉ አይሆንም። ከዓመታት በኋላ በቀረበ ሌላ ክፍል ቴዎ ዲስሌክሲያ የተባለ፣ ማንበብን የሚያከብድ ችግር እንዳለበት ታወቀ። ስንፍና ብቻ መስሎ የታየው ነገር ያልተመረመረ ችግርም ነበረበት። ዝግጅቱ በዚህ ራሱን አርሟል። አባትን ሆኖ የተጫወተው ቢል ኮዝቢ በ2010 ዓ.ም. በወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ፣ ፍርዱ በ2013 ዓ.ም. በይግባኝ መሻሩም አይዘነጋም። ስለዚህ ልንመዝነው የሚገባን ትምህርቱን እንጂ የአስተማሪውን ዝና አይደለም።

የሠፈር ማኅበር አባላትና ሠራተኞች የሆንን ወላጆች ከዚህ የምንወስደው ግልጽ ነው። ልጃችን ወድቆ ሲመጣ ከቁጣ በፊት ለምን እንደወደቀ እንመርምር፤ ከመምህሩ ጋር እንምከር፤ ዓይኑንና ጆሮውን እናስመርምር። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ግን ጥረቱን ሳንሸራርፍ እንጠይቀው። ልጁን ከተራው ሰው ኑሮ እንዲሸሽ ሳይሆን፣ ተምሮ ያንኑ ኑሮ እንዲያሻሽል ማብቃት የሁላችንም ኃላፊነት ነው።