ያውቁ ኖሯል? 100 ሴቶችን ያነጋገረው ዓይን አፋር
አሜሪካዊው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አልበርት ኤሊስ በ19 ዓመቱ ሴት ሲያይ ምላሱ የሚተሳሰር ወጣት ነበር። መድኃኒቱን ራሱ ለራሱ አዘዘ፦ ኒው ዮርክ ውስጥ በብሮንክስ የዕፅዋት ሥፍራ ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ካየ፣ አጠገቧ ተቀምጦ ወሬ መጀመር። እሱ እንደተረከው አጠገባቸው ከተቀመጠ 130 ሴቶች 30ዎቹ ወዲያው ተነሥተው ሄዱ፤ ከ100ዎቹ ጋር አወጋ። ቀጠሮ የሰጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ቀረች!

ፍርሃቱ ግን ለቀቀው።

በ1947 እ.ኤ.አ. ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ሰውን የሚያስጨንቀው የደረሰበት ነገር ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው እምነት ነው የሚለውን የሕክምና ስልት የጀመረው በ1955 ነው። ዓርብ ማታ በታዳሚ ፊት የሰዎችን ችግር እየሰማ ይመክር ነበር፤ ያውም ስድብ ሳይቆጥብ። በ2007 በ93 ዓመቱ ዐረፈ።